ምዕራፍ 4፦ ከጠረጴዛው ሥር ያለው ሳጥን

የቴስላ ኮይል ሲሠራ ያየ ሰው ዓይኑ ወደ ላይ ነው። ከአናቱ ቀለበት እየተሰነጠቀ የሚወጣውን ሐምራዊ መብረቅ ያያል፤ አየሩ ሲጮኽ ይሰማል፤ ያለ ሽቦ የሚበራው የፍሎረሰንት አምፖል ያስገርመዋል። እኔ ግን አንድ ወጣት "ኮይል ሠርቻለሁ፣ መጥተው ይዩልኝ" ሲለኝ መጀመሪያ የማጎነብሰው ወደ ጠረጴዛው ሥር ነው። እዚያ ከግድግዳ ሶኬት ገብቶ ከአሥር ሺህ ቮልት በላይ ሆኖ የሚወጣበት ከባድና ጸጥ ያለ ሳጥን አለ። የኮይሉም የሠሪውም ዕድሜ በዚያ ሳጥን ይወሰናል። ከላይ ያለው መብረቅ ያስፈራል፤ የሚገድለው ግን ከታች ያለው ነው።

ኒኮላ ቴስላ ራሱ እዚህ የደረሰው በኃይል ምንጭ ተቸግሮ ነበር። መጀመሪያ ላይ በጣም በፍጥነት የሚመላለስ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጄኔሬተር ሠርቶ፣ በዘመኑ የታወቀውን ባለ ብረት እምብርት ጥቅል በእሱ ለመንዳት ሞከረ። በዚያ ፍጥነት ብረቱ ጋለ፤ የሽቦዎቹ ማገጃ ቀለጠ። ስለዚህ ብረቱን አውጥቶ በቦታው አየር ተወ፤ ጄኔሬተሩንም ትቶ በካፓሲተርና በብልጭታ ተካው። እ.ኤ.አ. በ1891 በኒውዮርኩ ኮሎምቢያ ኮሌጅ ሽቦ ያልነካቸውን የመስታወት ቱቦዎች በእጁ ይዞ ሲያበራ ተመልካቹ ያጨበጨበው ለብርሃኑ ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ግኝት ኃይሉን በዝግታ አጠራቅሞ በቅጽበት የመልቀቅ ዘዴው ነው።

ዘዴውን ለመረዳት እንስራ እናስብ። ካፓሲተሩ እንስራው ነው፤ ሳጥኑ ምንጭ ውኃው። ምንጩ ቀስ እያለ ይሞላዋል፤ ሲሞላ እንስራው በአንድ ጊዜ ይገለበጣል። የሚገለብጠው የብልጭታ ክፍተት የምንለው፣ ተቀራርበው የቆሙ ሁለት የብረት ጫፎች ናቸው። በመካከላቸው ያለው አየር እስከሚችለው ድረስ ይከለክላል፤ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ይሰበርና ራሱ መንገድ ይሆናል። ያን ጊዜ የተጠራቀመው ሁሉ በወፍራም የመዳብ ቱቦ ወደ ተሠራው አጭር ጥቅል ይፈሳል፤ ከዚያም አንድ ሺህ ገደማ ዙር ወዳለው ቀጭንና ረጅም ጥቅል ይሻገራል። የእኛ መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ እያንዳንዱ ምልልስ ሁለት ጫፍ አለው። ስለዚህ እንስራው በሰከንድ 100 ጊዜ ያህል ይሞላል፣ ይገለበጣል።

ከዚህ አንድ ጥብቅ ግዴታ ይወለዳል። ብልጭታው በዘለለ ቁጥር የሳጥኑ ሁለት ጫፎች በእሳት ይገናኛሉ፤ ኤሌክትሪሻኖቻችን እንደሚሉት ሾርት ይሆናል። ትራንስፎርመር የተባለ ሁሉ ሾርት ይፈራል። የእኛው ግን በሰከንድ 100 ጊዜ ሾርት እየሆነ መኖር አለበት። ሳጥን ስንመርጥ "ስንት ቮልት ያወጣል?" ብለን ስንጀምር የምንሳሳተው ለዚህ ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው "ሾርት ሲሆን ምን ያደርጋል?" የሚለው ነው።

በመንገድ ዳር ምሰሶ ላይ የተሰቀለውን ትራንስፎርመር ተመልከቱ። በብዙ የከተማችን ሰፈሮች 15,000 ቮልት ተቀብሎ ወደ ቤት የሚገባውን 220 ይሰጣል። ለአማተር ኮይል በጣም የሚመከረው የኒዮን ማስታወቂያ ትራንስፎርመርም ብዙ ጊዜ 15,000 ቮልት ነው። ቁጥሩ አንድ ነው፤ ጠባያቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። የምሰሶውን መስመር ሾርት ያደረገ ነገር ብዙ አምፔር ይወርድበታል፤ ብረት ይቀልጣል፣ ሰፈሩ ይጨልማል። የኒዮኑን ጫፎች በወፍራም ሽቦ ብታገናኟቸው ግን የሚፈሰው ከ30 ሚሊአምፔር እምብዛም አይበልጥም፤ ሳጥኑ እንደ ንብ እያጉረመረመ ይቀመጣል። ራሱን የሚገታበት ልጓም ከፋብሪካ አብሮት ይወጣል። (የምሰሶውን ትራንስፎርመርና ወደ እሱ የሚሄደውን መስመር በምንም ምክንያት አትቅረቡ፤ ይህ ለክርክር የሚቀርብ ነገር አይደለም።)

ልጓሙ ከየት መጣ? ከኒዮን መብራት ታሪክ። ፈረንሳዊው ዦርዥ ክሎድ እ.ኤ.አ. በ1910 በፓሪስ የመኪና ትርኢት ላይ ረጃጅም የኒዮን ቱቦዎችን አብርቶ አሳየ። በቱቦ የታሸገ ጋዝ አስቸጋሪ ጠባይ አለው፤ እስኪበራ ድረስ ብዙ ሺህ ቮልት ይጠይቃል፣ ከበራ በኋላ ግን መከላከሉን ትቶ የተሰጠውን ሁሉ ይጠጣል። ገደብ ከሌለ ትራንስፎርመሩንም ራሱንም ያቃጥላል። መሐንዲሶቹ መፍትሔውን ያስቀመጡት በብረቱ ውስጥ ነው። የትራንስፎርመር ሁለቱ ጥቅሎች የሚነጋገሩት በብረቱ ውስጥ በሚዞረው መግነጢስ ነው። በሁለቱ መካከል ሻንት የሚባሉ የብረት ቁርጥራጮች ይሸጎጣሉ፤ እነዚህ የመግነጢሱ አቋራጭ መንገድ ናቸው። ከሚያወጣው ጥቅል ብዙ ከረንት ሲጠየቅ መግነጢሱ ወደ አቋራጩ ያዘነብላል፤ ወደ ጥቅሉ የሚደርሰው ይቀንሳል፤ ቮልቴጁ ይወርዳል። የብረታ ብረት ቤት ያላችሁ ይህን በሌላ ስም ታውቁታላችሁ። የብየዳ ማሽን ዘንጉ ብረቱን ነክቶ ሾርት ሆኖ ሳለ የማይቃጠለው በዚሁ ዓይነት ልጓም ነው፤ መዘውሩን እያዞራችሁ ከረንት የምትቀንሱበት የድሮው ማሽን ውስጥ የሚገባና የሚወጣው ብረት የሻንት ወንድም ነው።

አሁን ስለ 30 ሚሊአምፔር ልናገር፤ ቁጥሩ ትንሽ ስለሚመስል ብዙ ሰው ያታልላል። ቋንቋችን "ኮረንቲ መታው" ከማለት ይልቅ "ኮረንቲ ያዘው" ይላል። ይህ አባባል ትክክለኛ የሰውነት ሳይንስ ነው። በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ከረንት 1 ሚሊአምፔር ገደማ ሲሆን ይሰማል። ወደ 10 ሲጠጋ የክንድ ጡንቻዎች ከባለቤታቸው ትእዛዝ ወጥተው ይጨበጣሉ፤ ሽቦውን የያዘ እጅ መልቀቅ ያቅተዋል። ሽቦው በእርግጥ ይዞታል። ከ30 በላይ በደረት በኩል ትንሽ ከቆየ ልብ ምቷን ስታ መንቀጥቀጥ ልትጀምር ትችላለች። ለሰው ሕይወት መጠበቂያ የሚገጠሙት ብሬከሮች በ30 ሚሊአምፔር እንዲዘጉ የሚደረገው ለዚህ ነው። እንግዲህ ልጓም ያለው ሳጥናችን እንኳ ልጓሙ የቆመው የሰው ልብ ማለቂያ መስመር ላይ ነው። ይባስ ብሎ፣ ቤታችሁ ያ ብሬከር ቢኖረውም ከሳጥኑ ወዲያ ያለውን አያይም። ከትራንስፎርመሩ የወጣው ከረንት በእናንተ በኩል አልፎ ወደ ትራንስፎርመሩ ይመለሳል፤ ብሬከሩ ያለው በሌላኛው ወገን ስለሆነ ምንም ጉድለት አይታየውም።

የኒዮን ሳጥን ስትገዙ የድሮውን፣ ከባዱን ፈልጉ። አዲሶቹ ቀላልና ኤሌክትሮኒክ ናቸው፤ ሾርት ወይም የኧርዝ ስሕተት ባዩ ቁጥር ራሳቸውን ስለሚያጠፉ ለዚህ ሥራ አይሆኑም። ኤልኢዲ የኒዮንን ገበያ ስለወሰደው የድሮዎቹ እየጠፉ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚገኙት በአሜሪካ ባለ ዘመድ ሻንጣ ተጭነው ነው። እዚህ ላይ ከአሜሪካ የመጣ ማደባለቂያ 220 ላይ ሰክቶ ያቃጠለ ቤተሰብ የሚያውቀው ችግር ይመጣል፤ ግን አንድ ተጨማሪ ነገር አለው። የእነሱ መብራት 120 ቮልት ብቻ ሳይሆን በሰከንድ 60 ጊዜ የሚመላለስ ነው። የእኛ 50 ነው። ዝግ ያለ ምልልስ ማለት ብረቱ በእያንዳንዱ ዙር ረዘም ላለ ጊዜ በመግነጢስ ይሞላል ማለት ነው፤ ከአቅሙ በላይ ከሞላ ጥቅሉ መከላከያውን ያጣና ይግላል። ስለዚህ ቮልቱን ወደ 110 የሚያወርድ ኮንቨርተር ብቻውን አይበቃም። ስሌቱ ቀላል ነው። 120ን ለ60 ብናካፍል 2 ይደርሳል፤ 2ን በ50 ብናባዛ 100። ለዚህ ሳጥን እዚህ አገር ከ100 ቮልት በላይ አታስገቡለት። 15,000 የነበረው 12,500 ይሆናል። ከረንቱ ግን አይቀንስም፤ ምልልሱ ሲዘገይ የልጓሙም ጉልበት በዚያው ልክ ስለሚላላ 30 ሚሊአምፔሩ እንዳለ ይቀመጣል። ኃይሉ 375 ቮልት አምፔር ማለት ነው፤ አንድ የእንጀራ ምጣድ ከሚወስደው አንድ አሥረኛ ገደማ። ያ ሁሉ ጩኸት የሚወጣው ከዚህች ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሁሉ በዚህ ምሳሌ እንሂድ፦ 12,500 ቮልት፣ 30 ሚሊአምፔር።

እንስራው ምን ያህል ይሁን? እዚህ ላይ ብዙ ሳጥኖች ይሞታሉ፤ የእኔም የመጀመሪያው የሞተው እዚህ ነው። ሻንቱ ለትራንስፎርመሩ የሰጠው ልጓም በኤሌክትሪክ ቋንቋ ኢንዳክተር ነው፤ ኢንዳክተርና ካፓሲተር ሲገናኙ ደግሞ ዥዋዥዌ ይሆናሉ። ዥዋዥዌ ላይ የተቀመጠን ልጅ ልክ በሚመለስበት ሰዓት ብትገፉት፣ ትንሽ ትንሽ እየገፋችሁ ከፍ ከፍ ይላል። የካፓሲተሩ መጠን ከ50ው ምልልስ ጋር ከገጠመ በእያንዳንዱ ግማሽ ዙር ቮልቴጁ በቀድሞው ላይ እየተደመረ ይወጣል። የሚገጥምበት መጠን ከረንቱን በ6.28፣ በ50 እና በቮልቴጁ ብዜት ሲያካፍሉት ይገኛል፤ 0.03 ሲካፈል ለ3,925,000፣ 7.6 ናኖፋራድ ገደማ። እኔ በዚያን ጊዜ ይህ መጠን "ኃይሉ ሁሉ የሚወጣበት ምርጥ ቁጥር" ነው የሚል ምክር ሰምቼ በትክክል እሱን ገጠምሁ። የብልጭታ ክፍተቱንም መብረቁ እንዲረዝምልኝ አሰፋሁት። አንድ ምሽት ክፍተቱ ሳይዘል ቀረ። ሊገለበጥ ያልቻለው እንስራ መሙላቱን ቀጠለ። ከሳጥኑ የሰማሁት አንዲት ደረቅ ጠቅታ ብቻ ናት፤ ቀጥሎ መንገድ ሲሠራ የሚሸተው የሬንጅ ሽታ ቤቱን ሞላው። እነዚህ ትራንስፎርመሮች ውስጣቸው በሬንጅ የተሞላ ነው። ሬንጁ አንድ ቦታ ከተበሳ ቀዳዳው ከሰል ይሆናል፤ ከሰል ደግሞ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ከዚያ በኋላ በቀላሉ የሚጠገን አይደለም። ለዚያ ሳጥን ዛሬም አዝናለሁ፤ ሃያ ዓመት ሊሠራ ይችል ነበር።

ስለዚህ የሚገጥመውን መጠን አንድ ተኩል እጥፍ እናደርገዋለን፤ ወደ 11.5 ናኖፋራድ። ዥዋዥዌው ከግፊቱ ጋር አይገጥምም፤ ትራንስፎርመሩ እረፍት ያገኛል። ይህን ያህል ቮልት የሚችል አንድ ካፓሲተር ውድ ስለሆነ በትናንሾቹ እንሠራዋለን። 0.15 ማይክሮፋራድ፣ 2,000 ቮልት የሚችሉ የፖሊፕሮፒሊን ካፓሲተሮችን 13 አድርገን በተርታ ብንቀጥል መጠናቸው ለ13 ተካፍሎ 11.5 ናኖ ይሆናል፤ ቻይነታቸው ደግሞ ተደምሮ 26,000 ቮልት። የ12,500 ቮልት ምልልስ ጫፉ 17,700 ገደማ ስለሆነ በቂ ትርፍ አለው። ፖሊፕሮፒሊን ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ርካሹ የፖሊስተር ካፓሲተር በዚህ ፍጥነት ውስጡ ይግላል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ያብጣል። በሙላት ጊዜ በዚህ ተርታ ውስጥ ያለው ጉልበት 1.8 ጁል ነው፣ አንድ ሊትር ውኃ 18 ሳንቲሜትር ከፍ ለማድረግ የሚበቃ። ውኃውን ለሚያነሳ እጅ ምንም አይደለም። ግን በሚሊዮንኛ ሰከንዶች ውስጥ ሲለቀቅ በአጭሩ ጥቅል ውስጥ መቶዎች አምፔር ያነጉዳል። የዘገየ ምንጭና የፈጠነ መገልበጥ ማለት ይህ ነው።

በእያንዳንዱ ካፓሲተር ጎን ቮልቱን የሚችል 10 ሜጋኦም ሪዚስተር ይበየዳል። ኮይሉ ሲጠፋ የቀረውን ቻርጅ እነሱ ያፈሱታል፤ በ10 ሰከንድ ውስጥ ከአሥራ ሰባት ሺህ ወደ ጥቂት አሥር ቮልት ይወርዳል። አንዱ ሪዚስተር ከተበጠሰ ግን የእሱ ካፓሲተር ሞልቶ ተደብቆ ይቆያል። ስለዚህ ረጅም የፕላስቲክ ዘንግ፣ ጫፉ ላይ ወደ ኧርዝ የሚሄድ ወፍራም ሽቦ ያለው፣ ሁልጊዜ ከኮይሉ አጠገብ ተሰቅሎ ይኑር። ከመንካታችሁ በፊት በዚያ ዘንግ ተርታውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ንኩ፤ ከዚያም ሁለቱን ጫፎች በሽቦ አገናኝታችሁ ተዉአቸው። ካፓሲተር ባዶ ከሆነ በኋላም ከውስጡ ትንሽ ቻርጅ መልሶ ያወጣል።

የሳጥኑ ጠባቂ የመጠበቂያ ክፍተት ነው። ሦስት የነሐስ ኳሶች በአንድ መስመር ይቆማሉ፤ ሁለቱ ዳሮች ከትራንስፎርመሩ ሁለት ጫፎች ጋር፣ መካከለኛው ከኧርዝ ጋር። የኒዮን ትራንስፎርመር ጥቅል መካከሉ ከብረት ሳጥኑ ጋር የተገናኘ ስለሆነ እያንዳንዱ ጫፍ ከኧርዝ አንጻር የሚሸከመው ግማሹን ነው፤ በእኛ ምሳሌ 6,250። ማገጃውም የተሠራው ለዚሁ ግማሽ ነው። አንዱን ጫፍ ኧርዝ አድርጎ ከሌላው ሙሉውን ለማግኘት የሞከረ ሰው ሳጥኑን ያጣል። ኳሶቹ የሚለኩት ካፓሲተሩ ተነጥሎ ነው። ትራንስፎርመሩ ብቻውን በሙሉ ቮልቱ እየሠራ ኳሶቹ እንዳይዘሉ እስኪበቃ ድረስ ብቻ ይራራቃሉ፤ በእያንዳንዱ ማስተካከያ መካከል መሰኪያው ይነቀላል። የውጭ መጽሐፍ ሚሊሜትር የሚሰጥ ሠንጠረዥ ቢኖረውም አትከተሉት። ምክንያቱ ከፍታችን ነው።

አየር የሚሰበርበት ቮልት በጥግግቱ ይወሰናል። ባሕር ጠለል ላይ ለስላሳ ጫፎች መካከል በአንድ ሚሊሜትር 3,000 ቮልት ገደማ ይባላል። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየራችን ከባሕር ጠለሉ አንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው። ሞለኪውሎቹ ሲራራቁ ኤሌክትሮን ከአንዱ እስከ ሌላው ረዘም ያለ መንደርደሪያ ያገኛል፤ ሲደርስ በሚበልጥ ጉልበት ይገጫል፣ ሌሎችንም ያስለቅቃል። ውጤቱ ሁለት ነው። መብረቃችን ለተመሳሳይ ኃይል ረዘም ይላል፤ ይህ ደስ የሚል ስጦታ ነው። ግን በሽቦና በሽቦ፣ በሽቦና በሰው መካከል የምንተወው ርቀትም በዚያው ልክ መጨመር አለበት። ለለንደን 3 ሳንቲሜትር የበቃው ለእኛ 4 ይሁን። ቴስላም እ.ኤ.አ. በ1899 ለትልቁ ሙከራው ኮሎራዶ ስፕሪንግስን ሲመርጥ የሳሳውን አየር ያስብ ነበር፤ ያች ከተማ 1,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አዲስ አበባ ትበልጣታለች። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል፤ እዚህ የሚሠራ ልጅ ከቴስላ ቤተ ሙከራ ከፍ ብሎ ቆሞ ነው የሚሠራው።

ከዚያ ቤተ ሙከራ የወጣችው ፎቶ፣ ቴስላ ከራሱ በላይ በሚዘንበው እሳት ሥር ተረጋግቶ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚታይባት፣ የብዙ ወጣት ግድግዳ ላይ አለች። ሁለት ጊዜ ተደራርባ የተነሳች ናት። መብረቁ ሲነሳ ወንበሩ ባዶ ነበር፤ እሱ ሲቀመጥ ኮይሉ ጠፍቶ ነበር። ይህን የምነግራችሁ ፎቶዋን ለማሳነስ አይደለም። ቴስላ ራሱ ከእሳቱ ሥር እንዳልተቀመጠ ማወቅ የሚያስፈልግበት ቀን ስላለ ነው።

ከሳጥኑ በፊት ያለው ክፍል፣ ማለትም ከሶኬት እስከ ትራንስፎርመር፣ አሰልቺ ይመስላል። 1,000 ዋት የሚችል ከ220 ወደ 110 ዝቅ ማድረጊያ፣ ከእሱ ቀጥሎ መዘውሩ ሲዞር ቮልቱን ከዜሮ ጀምሮ ቀስ እያለ የሚያወጣ ቫሪያክ፣ ፊውዝ፣ ወደ ቤቱ መስመር የሚመለሰውን ፈጣን ረብሻ የሚያስቀር ፊልተር። ዝቅ ማድረጊያውን ከቫሪያኩ በፊት ያስቀመጥሁት መዘውሩ በስሕተት ቢዞር እንኳ 220 ወደ ኒዮኑ እንዳይደርስ ነው። ፊልተሩን የተዉ ሰዎች የጎረቤት ቴሌቪዥንና ስታቢላይዘር አቃጥለዋል። የረጅሙ ጥቅል የታችኛው ጫፍ ደግሞ ወደ ቤቱ ኧርዝ ወይም ወደ ውኃ ቧንቧ ፈጽሞ አይሄድም። ግቢ ውስጥ እርጥብ መሬት ላይ የተተከለ የራሱ የመዳብ ዘንግ ይኑረው። የትራንስፎርመሩ ሳጥን ግን በእውነተኛ የኤሌክትሪክ ኧርዝ መያዝ አለበት፤ ኧርዙ ለስሙ ብቻ የተጎተተበት ቤት ደግሞ ጥቂት አይደለም። ባለሙያ ሳያስለኩ አይጀመር።

ከዚህ ሁሉ ግን ለእኛ አገር ልዩ የሆነች አንዲት ዕቃ አለች፤ ኮንታክተር። ኮይሉ እየሠራ መብራት ሄደ እንበል። ጨለማ ሆነ፤ ጸጥ አለ። ሠሪው "እስኪመጣ ይችን ሽቦ ላስተካክል" ብሎ ይጠጋል። መብራት ሲመጣ አያስጠነቅቅም። ተራ ማብሪያ እንደበራ ስለሚቆይ ሳጥኑ በዚያች ቅጽበት 12,500 ቮልት ይሰጣል። ኮንታክተር ግን ራሱ በሚቆጣጠረው መብራት ተይዞ የሚቆም ነው፤ መብራት ሲሄድ ይወድቃል፣ ሲመጣ ሰው አረንጓዴውን ቁልፍ እንደገና ካልጫነ አይነሳም። ወፍጮ ቤትና ጣውላ ቤት ሁሉ አለ። ለሌላ አገር ይህ የግርጌ ማስታወሻ ሊሆን ይችላል፤ ለእኛ ግን የመጀመሪያው ገጽ ጉዳይ ነው።

ኒዮን ያጡ ወጣቶች አሮጌ ማይክሮዌቭ ከቆራሌው እየገዙ ትራንስፎርመሩን ያወጣሉ። ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እባካችሁ ይህን ተዉት። የማይክሮዌቭ ትራንስፎርመር የሚሰጠው 2,000 ቮልት ገደማ ነው፤ ቁጥሩ ከኒዮኑ በጣም ያንሳል፣ ለዚህም የዋህ ይመስላል። ልጓሙ ግን ልቅ ነው። ግማሽ አምፔርና ከዚያ በላይ ያለ ችግር ይሰጣል፤ ሰው ለመግደል ከሚበቃው ከአሥር እጥፍ በላይ። በአሜሪካ በዚህ ትራንስፎርመር እንጨት ላይ የመብረቅ ቅርጽ እያቃጠሉ ጌጥ የሚሠሩ ሰዎች በብዛት ሞተዋል፤ የእንጨት ቀራጮች ማኅበራቸውም በዝግጅቶቹ ላይ ዘዴውን እስከ መከልከል ደርሷል። ልምድ የነበራቸውም ከሟቾቹ መካከል አሉ። ምድጃው ውስጥ ያለው ካፓሲተር ደግሞ ከሶኬት ተነቅሎም ሞልቶ ሊቆይ ይችላል።

ሌላ በጣም የተዛመተ ስሕተትም አለ። "የቴስላ ኮይል ከረንት ፈጣን ስለሆነ በቆዳ ላይ ብቻ ያልፋል፣ ልብ አይነካም" ይባላል። የማያመው በቆዳ ላይ ስለሚያልፍ አይደለም። ነርቮቻችን በሰከንድ መቶ ሺህና ሁለት መቶ ሺህ ጊዜ የሚመላለስን ነገር መከታተል ስለማይችሉ ዝም ይላሉ። ከረንቱ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሥጋንም ያቃጥላል፤ ማስጠንቀቂያው ብቻ ነው የጠፋው። ከዚህ የከፋው መብረቁ ወደ ታች ዘሎ አጭሩን ጥቅል ሲነካ ነው። ያን ጊዜ በዚያ በበራ አየር መንገድ ላይ የሳጥኑ ዘገምተኛ 50 ምልልስ ሊከተል ይችላል፤ ያኛው ደግሞ የሚይዘው ነው። ስለዚህ መብረቁን በእጅ የሚነካ ሰው የሚተማመነው በኮይሉ ሳይሆን ከሥሩ ባለው ሳጥን ነው። የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመለት ሰው ደግሞ ክፍሉ ውስጥ አይገኝ።

የመጀመሪያው ማብራት ቀን እንዲህ ይሁን። ብቻችሁን አትሁኑ፤ ከእናንተ ጋር ያለው ሰው ኮንታክተሩን የሚጥለው ቀዩ ቁልፍ የት እንዳለ ይወቅ፣ ከዚያም አጠገብ ይቁም። ሕፃናት ከግቢው ይውጡ። መስኮት ይከፈት፤ ብልጭታ ኦዞን ያመነጫል፣ ለሳንባም ጥሩ አይደለም። የብልጭታ ክፍተቱን በዓይን አታፍጡበት፤ ብርሃኑ እንደ ብየዳ ነው። ካፓሲተሩ አይገናኝ፤ ትራንስፎርመሩና የመጠበቂያ ኳሶቹ ብቻ። አረንጓዴውን ጫኑ። ቫሪያኩ ዜሮ ላይ ስለሆነ ምንም አይሰማም። አንድ እጃችሁን ኪስ ውስጥ አድርጉ፤ በሌላው መዘውሩን በዝግታ አዙሩ። ሃያ ቮልት ሲገባለት ሳጥኑ ማጉረምረም ይጀምራል። ሃምሳ ላይ ድምፁ ይወፍራል፤ በጨለማ ብታዩት ኳሶቹ ዙሪያ ሰማያዊ ጭጋግ ሊታይ ይችላል። አንድ መቶ ላይ አቁሙ። ኳሶቹ ከዘለሉ ዜሮ አድርጉ፣ ቀዩን ጫኑ፣ መሰኪያውን ንቀሉ፣ በዘንጉ ንኩ፣ ከዚያ ትንሽ አራርቋቸው። ካልዘለሉ፣ ለአምስት ደቂቃ እንዲሁ እያጉረመረመ ይቆይ። አጥፍታችሁ፣ ነቅላችሁ፣ በዘንጉ ነክታችሁ የሳጥኑን ብረት በእጃችሁ ጀርባ ዳስሱት። ለብ ያለ ብቻ ከሆነ፣ ሬንጅም ካልሸተተ፣ ሳጥኑ ዝግጁ ነው፤ አጭሩን ጥቅል ነገ መጠቅለል ትችላላችሁ።